ከጅማ በብስክሌት፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ

ከጅማ ወጥቶ ጸጥ ባለው የገጠር መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ የሚሻ ሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢነሳ ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀዩ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያሸክማልና። ለመጀመሪያ ቀን ከከተማዋ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝበት የጅሬን ኮረብታ ይበቃል፤ ዳገቱ ግን የዋዛ አይደለም። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኋላውን ፍሬን አስቀድሞ መያዝና የፊተኛውን በጥቂቱ ብቻ መጨመር ያስፈልጋል፤ የፊት ጎማ ጠጠር ላይ በድንገት ከተያዘ ይንሸራተታል። የጎማው ነፋስ ለአስፋልት ከሚሞላው ትንሽ ቢቀነስ ጉዞው ይለሰልሳል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያና ውሃ አይረሱም። በቦዬ ረግረግ ዳር የሚያልፍ ሰው ጉማሬ የሚታይበት ስፍራ መሆኑን አውቆ ወደ ውሃው ባይጠጋ ይሻላል። ከብት ሲያጋጥም ደግሞ፣ እኔ ዘግይቼ እንደተማርኩት፣ ደወል ከማንጫረር ይልቅ ወርዶ እረኛውን ሰላም ማለት መንገዱን ቶሎ ያስከፍታል።