ለአነስተኛ ገንዘብ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጎረቤት የተሰጠ 20,000 ብር፣ አከራይ አልመልስም ያለው ቅድመ ክፍያ፣ ግድግዳ ገንብቶ ሒሳቡን የተከለከለ ግንበኛ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአያት፣ በጎሮ፣ በየካ አባዶ፣ በአስኮ በየቀኑ የሚሰማው ክርክር እንዲህ ያለ ነው። እጅግ የሚያሳዝነኝ እውነት ያለው ሰው መሸነፉ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ዳኛ ፊት ሳይሆን ገንዘቡን በሰጠበት ቀን ነው።

ትልቁ ስህተት በቃል ማበደር ነው። ወንድሜ የሚሉትን ሰው «ፈርምልኝ» ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ አይበቃም፤ ልኩ ግን አልተነካም። ስለዚህ ተበዳሪው ከካደ፣ ሦስት ጎረቤት «ሲሰጠው አይተናል» ብሎ መመስከሩ አያድንዎትም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ መጠኑን፣ የመመለሻውን ቀንና የመክፈያውን ቦታ ጽፈው፣ ሁለታችሁም ከሁለት ምስክሮች ጋር ፈርሙበት። በባንክ ወይም በቴሌብር መላክም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ደረሰኙ ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ተቀባዩ «የነበረበትን ዕዳ ነው የከፈለኝ» ቢል ምን ይመልሳሉ? የሚልኩበትን ምክንያት «ብድር» ብለው ይሙሉ፣ ውሉንም አይተዉ። ተበዳሪም ቢሆን ሲመልስ የተፈረመበት ደረሰኝ ይቀበል።

የመኖሪያ ቤት ተከራዮችም አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ልብ ይበሉ፦ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው ስህተት በተለይ የእኛ፣ የከተማው ዳር ነዋሪዎች ነው፦ ለቤታችን የቀረበው ፍርድ ቤት ሄዶ ክስ መክፈት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚያየው የእርስዎን ቤት አይደለም። በመሠረቱ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ነው፤ የውል ጉዳይ ከሆነ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። የመክፈያው ቦታ ውሉ ላይ ይጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። እርስዎ አያት፣ ባለዕዳዎ ለገጣፎ ቢሆን በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሕግ ግን ሌላ ክልል ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል፣ በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። በዚያ ላይ ነዋሪነታቸው በተለያየ ክልል የሆነ ሰዎች ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የሁለታችሁንም አድራሻ ይዘው አስቀድመው መዝገብ ቤት ይጠይቁ። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ «ሥልጣን የለንም» መባል ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

አቤቱታው ላይ የጠቡን ታሪክ ማብዛትም ይጎዳል። አቤቱታውን ለሚጽፍልዎት ራፖር ጸሐፊ ቀኑን፣ መጠኑንና የሚጠይቁትን ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልዎት የሚፈልጉትን) በግልጽ ይንገሩት፤ የሰነድና የምስክር ዝርዝሩን አብረው ያያይዙ። ዋናውን ገንዘብ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ፤ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። ውሉ ወለድ ባይጠቅስም፣ ባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ደርሶት ካዘገየ ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ይፈቅዳል። የፍርድ ቤት ወጪዎንም ይጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ በድኻ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ይህን ባለማወቅ መብቱን የተወ ሰው ብዙ ነው።

ሽምግልና መልካም ነው፤ ስምምነቱ ግን ተጽፎ ይፈረም።

ቀጠሮ አይቅሩ። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ቢክድ ክሱ ይዘጋል፤ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርበው ካላስከፈቱት በዚያው ጉዳይ እንደገና መክሰስ አይችሉም። ተከሳሽም መጥሪያ አልቀበልም ብሎ መሸሹ አይጠቅመውም፤ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል።

በመጨረሻ፣ ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት አንድ አይደሉም። ዳኛው ባለዕዳዎን አሳዶ አያስከፍልልዎትም፤ ፍርዱ እንዲፈጸም የሚጠይቀውን የአፈጻጸም ማመልከቻ የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት፣ የሚያዘውን ንብረት የሚጠቁሙትም እርስዎ ነዎት። ባለዕዳው የዕለት ጉርሱን የሚያገኝበት የሙያ መሣሪያ ግን አይያዝም። ስለዚህ ገና ሲያበድሩ የሥራ ቦታውን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ መኪና ወይም ባጃጅ ካለው ሰሌዳውን ይመዝግቡ። ፍርዱን ይዘው ዝም ካሉም 10 ዓመት ሲሞላው አፈጻጸም የመጠየቅ መብትዎ በይርጋ (በሕግ የጊዜ ገደብ) ይቀራል።