የማረጥ ምርመራ በቤት፦ ደብዛዛዋ መስመርና ሌሎች ስህተቶች

ማረጥን የሚመረምረው የሽንት ስትሪፕ ከእርግዝናው ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በእርግዝናው ስትሪፕ ሁለተኛዋ መስመር ምንም ያህል ብትደበዝዝ «አለ» ይባላል። ይህኛው ግን የሚለካው ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ነው፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ የወር አበባ በምታይ ሴት ሽንት ውስጥም አለ። ስለዚህ ደብዛዛ መስመር መታየቷ ምንም አያስደንግጥ። ውጤቱ ፖዘቲቭ የሚባለው የመመርመሪያዋ መስመር ስትሪፑ መሥራቱን ከምታሳየው ከመቆጣጠሪያዋ መስመር ጋር እኩል ስትደምቅ ወይም ስትበልጣት ብቻ ነው። ያኔ ሆርሞኑ በአብዛኞቹ ስትሪፖች ልክ በሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ዩኒት ደርሷል ማለት ነው። ከደበዘዘች ኔጌቲቭ ነው። መቆጣጠሪያዋ ጭራሽ ካልወጣች ስትሪፑን ይጣሉት። በደብዛዛ መስመር ብቻ «አረጥኩ» ብለው ለወራት የሚጨነቁ ሴቶች አሉ፤ የመመሪያውን ወረቀት አንዴ ማንበብ ያን ሁሉ ጭንቀት ያስቀር ነበር።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ይጠቀሙ። ውሃ ወይም ጠላ በብዛት ከተጠጣ በኋላ የተወሰደ ሽንት ስለሚቀጥን ሆርሞኑ ካለው በታች ይታያል። መመሪያው ከሚለው ደቂቃ በኋላ የወጣ መስመር አይቆጠርም።

አንድ ጊዜ ለክቶ መደምደም ሌላው ስህተት ነው። ኤፍኤስኤች አንጎል ሥር ካለች እጢ ይመነጫል፤ የእንቁላል እጢዎች ሲዳከሙ እነሱን ለመቀስቀስ መጠኑ ይጨምራል። ወደ ማረጥ በሚወስዱት የሽግግር ዓመታት ግን እጢዎቹ አንድ ወር ተኝተው በሌላው ይነቃሉ፤ ሆርሞኑም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንቁላል በሚለቀቅበት ሰሞንም ለአጭር ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ጤነኛ የ30 ዓመት ሴት በዚያች ቀን ብትመረምር ፖዘቲቭ ልታይ ትችላለች። የወር አበባዎ ገና የሚመጣ ከሆነ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመርምሩ። የሚመጣበት ቀን የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ መርምረው ከሳምንት በኋላ ይድገሙት።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ፖዘቲቭ ስላዩ የእርግዝና መከላከያ ማቆም። እባክዎ ይህን አያድርጉ! ስትሪፑ የአንድ ጠዋት ሽንት ነው የለካው፤ በሚቀጥለው ወር እንቁላል እንደማይለቀቅ ማንም አላረጋገጠም። በ46 ዓመት ሳይታሰብ የሚመጣ እርግዝና ለእናትየዋም ለጽንሱም አደጋው ከፍ ያለ ነው። ልኩ ይህ ነው፦ ዕድሜዎ ከ50 በታች ከሆነ የመጨረሻው የወር አበባ ካለፈ 2 ዓመት፣ ከ50 በላይ ከሆነ 1 ዓመት እስኪሞላ መከላከያው ይቀጥላል። የወር አበባ ከዘገየም አስቀድሞ የሚሠራው የእርግዝናው ምርመራ ነው።

የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ወይም በክንድ የሚቀበረውን የያዙ ሴቶች ደም ስለቀረ ብቻ «አርጫለሁ» ማለት አይችሉም፤ መከላከያው ራሱ ያስቀረዋል። መርፌውና ክኒኑ የኤፍኤስኤችን ውጤትም ሊያዛቡት ይችላሉ። የትኛውን እንደሚወስዱ ለሐኪም ሳይናገሩ ውጤት ማስተርጎም ከንቱ ድካም ነው።

ዘመድ ከውጭ በላከው ካርቶን ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2025 የሚለውን በእኛ ቆጥረው «ገና ብዙ ዓመት አለው» ያሉ እንዳይኖሩ፤ እሱ በእኛ 2017 እና የ2018 መጀመሪያ ነው። ስትሪፕ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ የባሕር ዳር የሚያዝያ ቀትር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህን በቀላሉ ያልፋል። መታጠቢያ ቤትም እርጥበት ስላለው አይሆንም። ማሸጊያውን በምርመራው ሰዓት ብቻ ይክፈቱ።

ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ሆኖ የወር አበባቸው የተዛባና ሙቀት ቦግ እያለ የሚያልባቸው ሴቶች ግን ስትሪፑ ብዙም አያስፈልጋቸውም። ማረጥ የሚረጋገጠው በቀን ቆጠራ ነው፤ የመጨረሻው በጥምቀት ሰሞን ከነበረ እስከ ቀጣዩ ጥምቀት ምንም ካልታየ ዓመቱ ሞላ። በመሃል አንዴ ከመጣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ከ40 በታች ሆነው ለወራት የቀረባቸው ሴቶች ነገር ሌላ ነው። ቀድሞ ማረጥ አጥንትንና ልብን ስለሚጎዳ ባሕር ዳር ካሉ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደው የማህፀን ሐኪም ያግኙ፤ በደም ይመረመራሉ።

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ሳያዩ አያወዳድሩ። ኤስትራዲዮል የተባለው የእንቁላል እጢዎች ሆርሞን አንዱ ጋ በፒኮግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው ጋ በፒኮሞል በሊትር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው በ3.67 ሲባዛ ሁለተኛውን ይሰጣል። ስለዚህ 20 እና 73 አንድ ውጤት ናቸው። ለፀጉር ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነም ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ የደም ውጤትን ሊያሳስት ይችላል።

የሌሊት ላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። የጣና ዳርቻ የወባ አገር ነው፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የማረጥ ሙቀት ለደቂቃዎች መጥቶ ይሄዳል፣ ቴርሞሜትር ላይ ትኩሳት አያሳይም። 38 ዲግሪ ካለና ብርድ ብርድ ካልዎት የወባ ምርመራ ያድርጉ። ላቡ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ቲቢ፣ ልብ እየመታ ከከሱ ደግሞ የታይሮይድ እጢ ይታይ።

ዓመት ሙሉ ቆሞ የነበረ ደም ጥቂትም ቢሆን ተመልሶ ከታየ ስትሪፕ አይፈልጉ። የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ይታዩ።