የራዲያተር ፋን መቆጣጠሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ «ቢበላሽስ?» ብላችሁ ጠይቁ

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን እየወጣችሁ ነው። ከፊታችሁ ጭነቱን የተሸከመ ከባድ መኪና እያዘገመ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መቅደም አይቻልም። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ትጎተታላችሁ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ ግን የለም። በዚህ ሰዓት ሞተራችሁን የሚያተርፈው ፋኑ ነው። ፋኑን «ተነሣ»፣ «አቁም» የሚለው ደግሞ መቆጣጠሪያው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የኮሮላዬ ፋን አልነሣ ሲለኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለሙያው ሽቦውን ቆርጦ ዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ ገጠመልኝ። «በቃ ወንድሜ፣ ሲሞቅ ታበራዋለህ» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ አበራሁ። አንድ ቀን ማታ ዝናብ ነበር፣ መንገዱም ተጨናንቆ ነበር፣ ሐሳቤም ሌላ ቦታ ነበር። ረሳሁት። የሙቀት ጌጁን ሳየው ጫፍ ደርሷል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጠለ። ለትንሽ ስዊች ያልከፈልኩትን ብር ብዙ እጥፍ አድርጌ ከፈልኩ።

ስለዚህ መቆጣጠሪያ ስመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ምን ይሠራል?» አይደለም። «ሲበላሽ ምን ይሆናል? መንገድ ላይስ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ነው። እናንተም በዚህ መንፈስ ተከተሉኝ።

1. ጥፋቱ የመቆጣጠሪያው መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ ሰው መቆጣጠሪያ ይገዛና ችግሩ ሌላ ቦታ ይገኛል። መጀመሪያ የፋኑን ሶኬት ነቅላችሁ ከባትሪው በቀጥታ ስጡት። ካልዞረ የሞተው ፋኑ ራሱ ነው።

ከዞረ ሙቀት ሲሰማው ፋኑን ወደሚያስነሣው ስዊች ሂዱ። ስዊቹ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ላይ ወይም ሞተሩ ላይ የተጠመጠመ የነሐስ ነገር ነው። ሁለት ሽቦ ካለው ሶኬቱን ነቅላችሁ ሁለቱን ሽቦዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ቁልፉ ኦን ላይ ይሁን። ፋኑ ከተነሣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ለፋኑ ትልቁን የሚያሳልፈው ማብሪያ) እና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ስዊቹ ግን አልቋል።

እዚህ ጋ የቶዮታ ባለቤቶች ልብ በሉ። እንደ ኤኢ92 ባሉ ኮሮላዎች ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው የተሠራው። ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል (ሽቦዎቹን ያገናኛል)፣ ከ93 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይከፈታል (ይለያያቸዋል)። ስለዚህ ሶኬቱን ስትነቅሉት ፋኑ በራሱ ይነሣል። ይህ በጣም የማደንቀው አሠራር ነው። ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ፋኑ ይዞራል እንጂ አይቆምም። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሳታውቁ የሌላ መኪና ስዊች ብትገዙ ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋኑ ይዞራል፣ ሲግል ይቆማል።

ጌጁ ወደ ቀዩ ሄዶ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያውን አትውቀሱ። ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ተጣብቆ ይሆናል፣ የውሃ ፖምፓው አይሠራ ይሆናል ወይም ውሃው ጎድሏል። ውሃ ሲጎድል ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱንም በትክክል አያነብም።

2. ፋኑ ስንት አምፒር እንደሚወስድ እወቁ

ያለዚህ ቁጥር ገበያ አትውጡ። ፋኑ ላይ ዋት ከተጻፈ ለ12 አካፍሉት። 120 ዋት ማለት ወደ 10 አምፒር ነው። 240 ዋት ከሆነ ወደ 20 አምፒር ነው። ካልተጻፈ ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ይለካላችሁ።

ፋን ሲነሣ ለቅጽበት ከዚህ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ 20 አምፒር ለሚወስድ ፋን «20 አምፒር» የሚል መቆጣጠሪያ አይበቃም። 40 የሚችል ፈልጉ። ሁለት ፋን ካላችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ የራሱን ሪሌና የራሱን ፊውዝ ስጡት። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ቤታችሁ ያደርሳችኋል።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ማብሪያ ብቻውን መቆጣጠሪያ አይደለም፣ ታሪኬን ሰምታችኋል። ቁልፉ ሲበራ አብሮ የሚነሣ፣ «ዳይሬክት» የሚባለው አሠራርስ? ሞተር አያቃጥልም፣ ይህን ልመስክርለት። ግን ሞተሩ በጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዲናሞው ያለ ዕረፍት ይለፋል፣ የፋኑ ካርቦን ቶሎ ያልቃል። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ጥሩ ማምለጫ ነው። ለዓመት ግን አይሆንም።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ቴርሞስዊችና ሪሌ ነው። ቴርሞስዊቹ ውስጥ ሙቀት የሚያጣምመው ትንሽ የብረት ቅጠል አለ። በተወሰነ ዲግሪ ይዘጋል፣ አምስት ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። አካሉ ላይ እንደ «92-87» ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። በ92 ያስነሣል፣ በ87 ያቆማል ማለት ነው። ፕሮግራም የለውም፣ ስክሪን የለውም። ሲበላሽ ሁለቱን ሽቦ አገናኝታችሁ ጉዟችሁን ትቀጥላላችሁ። ሪሌው ቢሞት ደግሞ ብዙ መኪና ላይ የጡሩንባው ሪሌ ተመሳሳይ ስለሆነ አውጥታችሁ በቦታው መሰካት ትችላላችሁ። ለአንድ ሰዓት ያለ ጡሩንባ መንዳት ይቻላል፣ ያለ ፋን ግን ዳገት አይወጣም።

ሌላው በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው፣ ረጅም ቀጭን የመዳብ ቧንቧና በጫፉ ሴንሰር ያለው ነው። ዲግሪውን እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ። እንደ አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ በቺንጊያ የሚዞር ፋን ያለው መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ለሚያስገባ ሰው ያጓጓል፣ ምክንያቱም ራዲያተሩ ላይ የስዊች ቀዳዳ የለም። ችግሩ ሴንሰሩ ነው። በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል የሚሰካ ከሆነ የሚያነበው የውሃውን ሳይሆን የቅጠሉንና የአየሩን ሙቀት ነው። መንቀጥቀጡም ቀስ በቀስ የራዲያተሩን ቧንቧ ሊፍቀው ይችላል። በጎማው ቱቦ ጫፍ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቧንቧው ባለፈበት በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ይወዳል።

የፋኑን ፍጥነት ቀስ በቀስ የሚጨምሩ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎችም አሉ። ሲሠሩ በጣም ደስ ይላሉ። ፋኑ ሳይደነግጥ ይነሣል፣ መብራቱ ብልጭ አይልም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ትልቅ ፋን ላለው መኪና ዋጋቸውን ያወጣሉ። ነገር ግን ራሳቸው ይሞቃሉ፣ ስለዚህ ከጭስ ማውጫው ርቆ አየር የሚያገኛቸው ቦታ ይፈልጋሉ። አባይ በረሃ ላይ ቢሞቱ የሚጠግናቸው የለም። ከገዛችሁ ቁጥር 6 ላይ የምነግራችሁን የመጠባበቂያ ማብሪያ የግድ ጨምሩ።

መኪናችሁ አዲስ ሆኖ ፋኑን ኮምፒውተሩ የሚያዝ ከሆነ ሌላ መቆጣጠሪያ አትጨምሩበት። የተበላሸውን ሴንሰር ወይም ሪሌ ቀይሩ፣ አለቀ።

4. ዲግሪውን ወስኑ

የሚበልጠው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። መነሻችሁ ቴርሞስታቱ ነው። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ፋኑ ማቆሚያው ከዚህ ቁጥር በላይ መሆን አለበት። ቴርሞስታቱ 88 ሆኖ ፋኑን «በ85 ቁም» ብትሉት መቼም አያቆምም፣ ምክንያቱም ውሃው ወደ 85 አይወርድም።

ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ በሚወጣበት በላይኛው ቱቦ በኩል ከሆነ፣ ለ82 ቴርሞስታት በ92 የሚያስነሣ፣ ለ88 ደግሞ በ97 ገደማ የሚያስነሣ እመርጣለሁ። ሴንሰሩ ራዲያተሩ ታች፣ ውሃው ቀዝቅዞ በሚወጣበት በኩል ከሆነ ግን ከዚህ ዝቅ ያለ ይሁን።

ቴርሞስታታችሁ ተነቅሎ ተጥሎ ከሆነስ? እኛ አገር ይህ የተለመደ ነው። እባካችሁ መልሱት። ያለሱ የውሃው ሙቀት አንዴ 60 አንዴ 95 ይሆናል፣ የትኛውም መቆጣጠሪያ በትክክል አይሠራም።

አሁን ስለ አዲስ አበባ ልንገራችሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። 0.9 (ግፊቱ በባር) የሚል ደህና ክዳን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃን እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ግፊት መያዝ ካቆመ ግን ውሃው በ92 ይፈላል። ፋናችሁ ገና «ልነሣ» በሚልበት ሰዓት ማለት ነው! መቆጣጠሪያው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ መኪናው ሂት ያደርጋል። ስለዚህ ስዊች ስትቀይሩ ክዳኑንም አብራችሁ እዩት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ስዊቹን ከመግጠም በፊት በፈላ ውሃ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን 95 ዲግሪ የሚልን ስዊች በውሃ መሞከር አይቻልም። ውሃው እዚያ አይደርስማ። በትንሽ ዘይት፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሞክሩት። የሚነከረው የነሐሱ ጫፍ ብቻ ይሁን። ብዙ ሰው ደህና ስዊች «አይሠራም» ብሎ የጣለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

5. ገበያ ስትወጡ

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ስዊች በእጃችሁ ያዙ። ጥርሱ፣ ርዝመቱና የሶኬቱ ቅርጽ ይመሳሰል። ዲግሪው በላዩ ላይ ያልተጻፈ ስዊች አትግዙ። ሪሌውን በእጃችሁ መዝኑት። በጣም የቀለለ ሪሌ ውስጡ መዳብ ያነሰው ነው። ሁለት ግዙ፣ አንዱ የመኪናው ኮሜዲኖ ውስጥ ይቀመጥ።

በቱቦ መካከል የሚገባ የአሉሚኒየም መገጣጠሚያ ከገዛችሁና ስዊቹ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው በሁለቱም በኩል ጎማ ስለሆነ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በመኪናው ብረት በኩል የሚገናኘውን መስመር) አያገኝም። ከመገጣጠሚያው ወደ ቼሲው ሽቦ ካልሳባችሁ ፋኑ በፍጹም አይነሣም።

6. አሠራሩ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።

የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር። ፊውዙ ለባትሪው የቀረበ ይሁን። 10 አምፒር ለሚወስድ ፋን 15፣ 20 ለሚወስድ 30 አምፒር ፊውዝ ልኩ ነው። ሪሌው 87 ቁጥር ወደ ፋኑ ይሄዳል። የፋኑ ሌላኛው ሽቦ ማሳ ነው፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር። ሽቦው ለ10 አምፒር 2.5፣ ለ20 አምፒር 4 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ፋኑም ይደክማል።

86 ቁጥር ቁልፉ ኦን ሲሆን ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ይመጣል። ከባትሪ በቀጥታ ቢሆን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፋኑ ይዞራል፣ ባትሪ ይበላል። 85 ቁጥር ወደ ቴርሞስዊቹ ይሄዳል፣ ስዊቹ ሲዘጋ ማሳ ይሰጠዋል።

አሁን መጠባበቂያው። ከዚያው ከ85 ቁጥር ሌላ ሽቦ ወደ ዳሽቦርዱ ሳቡና በትንሽ ማብሪያ በኩል ማሳ ስጡት። ቴርሞስዊቹ በራሱ ይሠራል፣ እናንተ ደግሞ ከፈለጋችሁ ታስነሡታላችሁ። ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ማብራትም ትችላላችሁ። ከእኔ አሮጌ ማብሪያ የሚለየው ብትረሱትም ችግር የሌለው መሆኑ ነው።

ኤሲ ካላችሁ ኤሲው ሲበራ ፋኑ መነሣት አለበት። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ፖዘቲቭ ስለሆነ በቀጥታ ከ85 ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ ሪሌ አስገቡ፣ እሱ ሲነሣ ለ85 ማሳ ይስጥ።

7. ሙከራ

ባትሪውን መልሱ። ማብሪያውን ተጭናችሁ ፋኑ ነፋሱን ወደ ሞተሩ እየላከ መሆኑን በወረቀት እዩ። ወደ ውጭ ከሆነ ሁለቱን የፋን ሽቦዎች ለዋውጡ።

ከዚያ ማብሪያውን አጥፉና ሞተሩን በቆመበት አስነሡ። ነጠላና ሻርፕ ከፋኑ ይራቅ፣ ሳይጠሩት ነው የሚነሣው። ጌጁ መሐል ገደማ ሲደርስ ፋኑ ይነሣል። ጥቂት ዞሮ ያቆማል፣ ቆይቶ እንደገና ይነሣል። ሦስት ጊዜ ሲነሣና ሲያቆም ቆማችሁ እዩ። ፋኑ እየዞረ ሽቦውን፣ ፊውዙንና ሪሌውን በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ቢል ደህና ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፣ ያንን ሳታስተካክሉ ከግቢ አትውጡ።

በመጨረሻ ኤሲውን ከፍታችሁ ሌላ አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ ጌጁም ካለበት ንቅንቅ አይበል።