ናቹራል ወይስ ሶሻል? 11ኛ ክፍል ከመመዝገባችሁ በፊት የሚሠራ የቤት ሥራ

የ10ኛ ክፍል ካርድ እጅ እንደገባ ቤት ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል፤ ናቹራል ይሻላል ወይስ ሶሻል? ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው የጓደኛ ምርጫ ነው፣ ወይም የአባት ምኞት፣ ወይም ደግሞ "እኔ ሒሳብ አልወድም" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ከሦስቱ የምታሳስተው የመጨረሻዋ ናት። ሒሳብ ሁለቱም ጋ አለና።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ተመልከቱ። ናቹራል የገባ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ሶሻል የገባው ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እያንዳንዱ ከ100 ስለሚያዝ ድምሩ 600 ይሆናል። የሁለቱ የሒሳብ ወረቀት ይለያያል እንጂ ከስድስቱ ትምህርቶች ሦስቱ የጋራ ናቸው። እናም ምርጫችሁ የሚለውጠው 300 ነጥቡን ብቻ ነው፤ የቀረው 300 የትም ብትገቡ ይከተላችኋል።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የተቀመጠው 50 በመቶ የሚታየው በድምር ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ 45፣ በሒሳብ 25፣ በአፕቲትዩድ 50 የሚያመጣ ተማሪ ከጋራዎቹ 120 ይዟል። 300 ለመሙላት ከቀሩት ሦስት ትምህርቶች 180 ያስፈልገዋል፤ በአማካይ 60 ማለት ነው። ይኸው ተማሪ ሒሳቡን ወደ 45 ቢያነሳ የሚቀረው 160 ነው፤ አማካዩ ወደ 53 ይወርዳል። ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባ ሰው ያንን ጉድለት በታሪክና በጂኦግራፊ መሸፈን አለበት፤ ይህ ደግሞ የሚመስለውን ያህል አይቀልም።

የ2014 ዓ.ም. የፈተና ውጤት ይህንኑ ያሳያል። በናቹራል ከተፈተኑት 339,642 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 22,936 ነበሩ፤ በሶሻል ከተፈተኑት 556,878 ደግሞ 6,973። በመቶኛ ሲታይ 6.8 ለ1.3 ገደማ ነው። ይህ ማለት ናቹራል ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጠንካራ ተማሪዎች ወደ ናቹራል ያደላሉ፤ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ የሚሸሹት ደግሞ ሁለቱንም ይዘው ሶሻል ይገባሉ። ቁጥሩ "ሶሻል ማምለጫ ነው" የሚለውን ወሬ ለማፍረስ ግን ይበቃል።

ካርዱን መፍታት

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የአራቱን መንፈቀ ዓመት ውጤት አውጡ። ካርዱ ላይ ያለው ድምር ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ ከተቻለ ከመምህሩ ወይም ከክፍል ኃላፊው የማጠቃለያ ፈተናውን ውጤት ለብቻው ጠይቁ። ለምሳሌ በፊዚክስ 71 ያመጣ ተማሪ የቤት ሥራ፣ የግሩፕ ወርክና የክፍል ሙከራ ተደምሮ 47 ከ50 ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ተቀምጦ የሠራው ፈተና ግን 24 ከ50 ነው። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ግሩፕ ወርክ የለም። ስለዚህ የምታምኑት ቁጥር 24ቱን ነው። በሦስቱ ሳይንሶችና በሒሳብ የማጠቃለያው ፈተና ከመንፈቅ ወደ መንፈቅ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ? ከ22 ወደ 29 የወጣ ልጅ ከ38 ወደ 30 ከወረደው የተሻለ ተስፋ ሊኖረው ይችላል።

ሦስት ቅዳሜ የሚፈጅ ሙከራ

ካርድ ያለፈውን ነው የሚያሳየው፤ አሁን ያላችሁበትን ለማወቅ ራሳችሁን ፈትኑ። ከ10ኛ ክፍል መጻሕፍት የየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ስምንት ከፊዚክስ፣ ስምንት ከኬሚስትሪ፣ ስምንት ከሒሳብ ሌላ ሰው ይምረጥላችሁ። ራሳችሁ ከመረጣችሁ የምታውቁትን ብቻ ትመርጣላችሁ፤ የሰው ባሕርይ ነው። በየቅዳሜው አንድ ትምህርት፣ 90 ደቂቃ፣ መጽሐፍ ተዘግቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ። ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ ሥሩ።

እርማቱ ላይ ነው ዋናው ሥራ። የተሳሳተው ጥያቄ አጠገብ ከሦስት ፊደላት አንዱን ጻፉ፦ ሐሳቡ ካልገባችሁ "ሐ"፣ ሐሳቡ ገብቷችሁ ስሌት ወይም መለኪያ ላይ ከሳታችሁ "ስ"፣ ጥያቄው የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳትረዱ ከቀራችሁ "ቋ"። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እነዚህን ምሳሌዎች እዩ።

ፊዚክስ፦ አንዲት መኪና ከቆመችበት ተነስታ በየሰከንዱ ፍጥነቷን በ2 ሜትር በሰከንድ ትጨምራለች። በ6 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ትሄዳለች? መልሱ 36 ነው። 72 ያለ ተማሪ የመጨረሻውን ፍጥነት 12ን በ6 አባዝቷል፤ መኪናዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ12 የሮጠች መስሎታል። 12 ያለው ፍጥነትንና ርቀትን አምታቷል። ሁለቱም "ሐ" ናቸው። ቀመሩን በትክክል ጽፎ 6ን በራሱ ማባዛት ረስቶ 6 ያመጣው ግን "ስ" ነው።

ኬሚስትሪ፦ 10 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዋና ንጥረ ነገር፣ በሙቀት ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል? የካልሲየም ካርቦኔት አንድ ሞል 100 ግራም፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሞል 44 ግራም ስለሚመዝን መልሱ 4.4 ግራም ነው። 5 ያለ ተማሪ "አንድ ለአንድ" የሚለውን በግራም ወስዶ ለሁለት ከፍሎታል። ሞልን አለመረዳት ማለት ይህ ነው፤ 11ኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪን ከሚያከብዱት ነገሮች አንደኛው ይኸው ክፍተት ነው።

ሒሳብ፦ መሠረቱ 2 የሆነ የአንድ ቁጥር ሎጋሪዝም አለ፤ ከቁጥሩ ላይ 2 ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ሎጋሪዝም በዚያው መሠረት ሲደመርበት 3 ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው? ሲሠራ 4 እና ኔጌቲቭ 2 ይወጣሉ፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለ መልሱ 4 ብቻ ነው። ሁለቱንም የጻፈ ልጅ ስሌቱን ይችላል፤ የጎደለው ሠርቶ የመመርመር ልማድ ነው።

አሁን ፊደላቱን ቁጠሩ። "ሐ" ከስህተቶቻችሁ ግማሽ በላይ የሆነው በአንድ ትምህርት ብቻ ከሆነ ክረምቱ ይበቃዋል፤ ሐምሌና ነሐሴን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በዚያ ትምህርት ላይ ማዋል ነው። በሒሳብና በፊዚክስ በሁለቱም ከሆነ ግን ናቹራል መግባት ከባድ ውሳኔ መሆኑን ከአሁኑ እወቁት። "ስ" የበዛበት ተማሪ መፍራት የለበትም፤ በየመስመሩ መለኪያውን መጻፍ ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

"ቋ" የተለየ ነገር ነው። ሃይስኩል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ፊዚክስ አይገባኝም የሚል ልጅ አንዳንዴ ያልገባው ፊዚክሱ አይደለም። ያቃተውን ጥያቄ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ንገሩትና ይሞክር። ከሠራው ችግሩ ቋንቋ ነው፤ ሶሻል ቢገባም አይቀርለትም። እንዲያውም ታሪክና ኢኮኖሚክስ ረጅም ረጅም አንቀጽ የሚነበብባቸው ስለሆኑ ይብስበታል። መድኃኒቱ ከየምዕራፉ 15 ያህል ቃላትን በደብተር እየመዘገቡ ከነዓረፍተ ነገራቸው ማጥናት ነው።

ባዮሎጂን በዚህ ሙከራ ያላስገባነው በ"ሽምደዳ" ስለሚያልፍ አይደለም። ስሙ የወጣለት እንዲያ ነው እንጂ 11ኛ ክፍል ላይ ጄኔቲክስ ሲመጣ የዕድል ስሌት አብሮ ይመጣል። ሙከራው ሌላ ነው፦ 46 ክሮሞዞም ያለው ሴል በሚዮሲስ ሲከፈል ስንት ሴል፣ እያንዳንዱ ስንት ክሮሞዞም ይዞ ይወጣል? አራት ሴል፣ 23፣ 23። ይህን ሁሉም ይመልሳል። ቀጥላችሁ "ለምን በግማሽ መቀነስ አስፈለገው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአባትና ከእናት ተገናኝቶ ወደ 46 እንዲመለስ መሆኑን በራሱ አባባል ያስረዳ ተማሪ ባዮሎጂ ይሆነዋል።

የ11ኛ ክፍልን መጽሐፍ አስቀድሞ መቅመስ

መጻሕፍቱ በሶፍት ኮፒ ይገኛሉ፤ ያለፈ ዓመት ተማሪም አያጣም። ከፊዚክስ የቬክተሩን ምዕራፍ ውሰዱና ለአንድ ሳምንት በቀን አራት ገጽ አንብቡ። 50 ኒውተን ኃይል ከመሬት በ30 ዲግሪ ቢስብ ወደ ጎን 43.3፣ ወደ ላይ 25 መሆኑን በትሪጎኖሜትሪ ማውጣት ከቻላችሁ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መሠረታችሁ ደህና ነው። ካልቻላችሁ ከቬክተር ቀጥሎ የሚመጡት እንቅስቃሴና ዳይናሚክስም በዚያው ይሰናከላሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት በእርሱ ላይ ነው። በኬሚስትሪ የሬት ኦፍ ሪአክሽንና የኢኩሊብሪየም ምዕራፎችን ገልጣችሁ ምን ያህል አልጀብራ እንዳለባቸው እዩ።

ለፍትሕ ሲባል የኢኮኖሚክሱንም ክፈቱ። የፍላጎትና አቅርቦት መለጠጥ የሚባለው ክፍል በመቶኛ ለውጥ ስሌትና በግራፍ የተሞላ ነው። ደስ ብሏችሁ ካነበባችሁት ደግሞ ሌላ ምልክት አገኛችሁ። "ሶሻል የሰነፍ ነው" የሚለውን የሰፈር ንግግር እዚህ ላይ መተው ይሻላል፤ ታሪክን ምክንያትና ውጤቱን አያይዞ የሚተነትን ልጅ በፊዚክስ 35 እያመጣ ሁለት ዓመት የሚሰቃይበት ምክንያት የለም።

ከሙያው ወደ ኋላ

ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ እንስሳት ሕክምና፣ ጂኦሎጂ የሚፈልግ ናቹራል ይገባል፤ ሌላ መንገድ አይፈልግ። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ፖለቲካል ሳይንስ የሚፈልግ ሶሻል። መንገዱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በኢንጂነሪንግ ተመርቆ በማስተርስ ወደ ቢዝነስ የሚዞር ብዙ ነው፣ በታሪክ ተመርቆ ወደ ኢንጂነሪንግ የሚዞር ግን የለም። ገና ያልወሰነና ሙከራው ላይ መካከለኛ የሆነ ተማሪ ወደ ናቹራል ቢያዘነብል የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላም ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ውጤት ጋር ተያይዞ ስለሆነ "ናቹራል ገባሁ፣ ሐኪም ሆንኩ" ማለት አይደለም።

ትምህርት ቤቱን መጠየቅ

ከምዝገባ በፊት ርዕሰ መምህሩን ወይም ሪከርድ ጽሕፈት ቤቱን አራት ነገር ጠይቁ፦ ለ11ኛም ለ12ኛም ቋሚ የፊዚክስ መምህር አለ ወይ፣ ላብራቶሪው ተከፍቶ ይሠራበታል ወይስ ዕቃ መጋዘን ሆኗል፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል፣ ስትሪም (ናቹራል ወይም ሶሻል) ለመቀየር የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? የፊዚክስ መምህር በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅበት ትምህርት ቤት ጎበዙንም ይጥለዋል። ያ ከሆነ ስትሪሙን ከመቀየር በፊት ትምህርት ቤቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ አስቡ።

የመቀየሪያው ቀን በተለይ አይረሳ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ የቀየረ ተማሪ የጎደለውን በቅዳሜና እሑድ ይሸፍነዋል። ከመንፈቁ በኋላ የሚቀይር ግን የሦስት ትምህርቶችን ግማሽ ዓመት ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ በዚያ ላይ አዲሱ መንፈቅ አይጠብቀውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቴስት ሲመለስ እንደገና ሐ፣ ስ፣ ቋ ጻፉበት፤ በሁለት ሳይንሶች "ሐ" ከበዛ ቀኑ ሳያልፍ ወደ ሪከርድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።