ምስሉ ሲነጣ፣ ፎስፈረሱ ሲያሳስት፦ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ችግርና መፍትሄ

በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የብዙ ሰው ጥርስና አጥንት ጎድቷል። ፍሎራይዱን ከውሃ ለማስቀረት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ የአጥንት ከሰል፣ ማለትም በእሳት የከሰለ የእንስሳት አጥንት ነው። ይህን ከሰል በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (ናሙናውን በኤሌክትሮን ጨረር እየቃኘ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ስታዩ የሚገጥማችሁን ነው የምጽፈው። ሸክላና ሴራሚክ ለምታዩም ይሠራል።

ምስሉ ይነጣል፣ ይንሸራተታል

ፎከስ አድርጋችሁ ሳትጨርሱ የቅንጣቷ ጠርዝ እንደ አምፖል ቦግ ይላል። አግድም መስመሮች ይመጣሉ፤ ምስሉም ቀስ እያለ ይሸሻል። ይህ የቻርጅ ክምችት ነው። የአጥንት ከሰል በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። የገባው ኤሌክትሮን መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠራቀማል።

መጀመሪያ የኤሌክትሮን ጨረሩን የሚያፈጥነውን ቮልቴጅ ቀንሱ። ከ15 ወደ 2 ወይም 3 ኪሎቮልት ማውረድ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ካልሆነ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ወርቅ ቀቡት። ተቀብቶም ካስቸገረ ጎኑን እዩ። ላዩ ወርቅ ለብሶ ጎኑ ባዶ ከቀረ ኤሌክትሮኑ የሚወርድበት መንገድ የለም። ከናሙናው ጫፍ እስከ አሉሚኒየም መያዣው ድረስ በሲልቨር ፔስት (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቅብ) ቀጭን መስመር አስምሩ። ዱቄት ከሆነ ደግሞ ካርበን ቴፑ ላይ በስሱ ነስንሱትና ያልተጣበቀውን በደረቅ አየር አራግፉ። ክምር አድርጎ ማስቀመጥ ችግር መጋበዝ ነው።

ቀዳዳዎቹ ይለጠጣሉ

ፎከሱን ወዲህ ስታዞሩ ክቡ ቀዳዳ ወደ አንድ አቅጣጫ ይለጠጣል። ወዲያ ስታዞሩ በ90 ዲግሪ ወደ ሌላው ይለጠጣል። አስቲግማቲዝም ይሉታል፤ ጨረሩ ክብ አይደለም ማለት ነው። ፎከሱን መለጠጡ በሚጠፋበት መሃል ላይ ተዉት። ከዚያ ስቲግማተሩን (የጨረሩን ቅርጽ የሚያስተካክለውን መቆጣጠሪያ) አንዴ በኤክስ፣ አንዴ በዋይ እያዞራችሁ ጥርት አድርጉት።

ያያችሁበት ቦታ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ይቀራል

ቅባት ወይም እርጥበት ነው። ናሙናውን አድርቁ፤ ያለ ጓንት አትንኩ።

የካልሲየምና የፎስፈረስ ጥምርታ አይገጥምም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ድካም መና የሚቀረው። የአጥንቱ ዋና ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት ነው፤ በአቶም ብዛት 1.67 ጥምርታ ይጠበቃል። ኢዲኤሱ (ንጥረ ነገሮችን በሚለቁት ኤክስሬይ የሚለየው የማይክሮስኮፑ መለኪያ) ግን ሌላ ቁጥር ያወጣል። ወርቁን ጠርጥሩ። የፎስፈረስ ፒክ (በልኬቱ ግራፍ ላይ ንጥረ ነገሩን የሚጠቁመው ጉብታ) በ2.01 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ነው፤ የወርቅ ደግሞ በ2.12። ዲቴክተሩ ይህን ጠባብ ክፍተት አጥርቶ አይለይም፤ ሁለቱ እንደ አንድ ጉብታ ይታያሉ።

ለምስል የሚሆነው ቅብ ለኬሚካል ይዘት አይሆንም። ናሙናውን ለሁለት ክፈሉ፤ አንዱን ወርቅ፣ ሌላውን ካርበን ቀቡ። ካርበን ከቀባችሁ የካርበኑን ቁጥር አትመኑ። ከቅቡም፣ ከቴፑም፣ ከከሰሉም ይመጣልና።

ፍሎሪን አገኘን ብላችሁ ስትደሰቱ

እባካችሁ ቆም በሉ። የፍሎሪን ፒክ በ0.68 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ነው፤ ከብረት ፒኮች አንዱ ደግሞ በ0.70 ላይ ተለጥፎበታል። ብረት መኖሩን የሚያረጋግጥላችሁ ሌላኛው ፒክ 6.40 ላይ ነው። ቻርጁን ለማብረድ ብላችሁ በ5 ኪሎቮልት ከለካችሁ ግን እሱ ጭራሽ አይወጣም፤ ጉልበቱ አይደርስለትም። ብረቱ ፍሎሪን መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ስፔክትረሙን (የፒኮቹን ግራፍ) በ15 ኪሎቮልት ውሰዱና 6.40 ላይ እዩ። እዚያ ጉብታ ካለ 0.68 ላይ ያለውን ፍሎሪን ብላችሁ አትጻፉ።

ፒኩ አለመታየቱም ፍሎሪን የለም አያሰኝም፤ ኢዲኤስ ትንሽ መጠን አያይም። ውሃውን ከማጣሪያው በፊትና በኋላ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በታች መውረዱን የሚነግራችሁ ይኸኛው ልኬት ነው።