ዎርድፕረስ ስትጭኑ ፐርሚሽን ሲያስቸግር

ዎርድፕረስን (ዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ሰርቨር ላይ ሰቅላችሁ ሳይቱን ስትከፍቱት «403»፣ ማለትም «መግባት ተከልክሏል» የሚል ገጽ ከመጣ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ፋይሉ ያለበት ቦታ ወይም ፐርሚሽኑ፣ ማለትም ፋይሉን ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እዩ። ሲፓናል (የሆስቲንጋችሁ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ፋይል ማናጀርን ክፈቱ። የዎርድፕረስ ዚፕ ሲፈታ ሁሉንም ነገር «ዎርድፕረስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያደርገዋል። ፎልደሩ እንዳለ ከቀረ ሰርቨሩ ዋናውን ገጽ አያገኘውም። በውስጡ ያሉትን ሁሉ የሳይቱ ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ፎልደር፣ ወደ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል (public_html) አውጧቸው።

ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ። ፐርሚሽን በሦስት አሃዝ ይጻፋል፦ የመጀመሪያው ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለግሩፑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ይደመራሉ። ፎልደሮችን 755፣ ፋይሎችን 644 አድርጉ። ሁለቱን አታምታቱ። ለፎልደር ያቺ 1 «መግባት» ማለት ናት። ሁሉንም በአንዴ መርጣችሁ 644 ካላችሁ ሰርቨሩ ፎልደሮቹ ውስጥ መግባት ያቅተውና 403 ተመልሶ ይመጣል። የዳታቤዝ (የሳይቱ መረጃ ማከማቻ) ፓስወርድ ያለበትን የኮንፊግ ፋይል (wp-config.php) ግን 600 አድርጉት፤ ሳይቱ እምቢ ካለ 640።

«777 አድርገው፣ ይሠራል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ፋይላችሁን እንዲቀይር ፈቀዳችሁ ማለት ነው። አንዳንድ ሰርቨር ደግሞ 777 ሲያይ ጭራሽ «500»፣ ማለትም የሰርቨር ስህተት ይላል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ስትጭኑ ዎርድፕረስ የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ) ፓስወርድ ከጠየቃችሁስ? ያኔ ጉዳዩ የባለቤትነት ነው። ለጓደኛዬ ሱቅ ሳይት ስሠራ ግማሽ ቀን ቁጥር ስቀያይር ዋልኩ። ለካ ፋይሎቹን በሩት (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ዩዘር) ገብቼ ስለሰቀልኳቸው ባለቤታቸው ሩት ሆኗል፤ ዎርድፕረስ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ዩዘር ነው። ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ ባለቤቱን በቾውን (chown) ትእዛዝ ወደ ዌብ ሰርቨሩ ዩዘር ቀይሩት። ሆስቲንግ ተከራይታችሁ ከሆነ ድጋፍ ሰጪዎቹ እንዲያስተካክሉት ጠይቁ።

«ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ከመጣ ፐርሚሽኑን አትንኩት። ሲፓናል ብዙውን ጊዜ በዳታቤዙም በዩዘሩም ስም ፊት የአካውንታችሁን ስም ይጨምራል። ኮንፊጉ ላይ ሙሉ ስሙን ጻፉ። ዩዘሩንም ከዳታቤዙ ጋር አገናኙትና ሁሉንም መብት ስጡት፤ ይቺ በጣም ትረሳለች።

አሁንም እምቢ ካለ የሳይቱ ፎልደር ውስጥ «ኤረር ሎግ» (error_log) የሚል የስህተት መዝገብ ፋይል ፈልጉ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ ያስቸገረው ፋይል ብዙ ጊዜ ከነአድራሻው እዚያ ተጽፏል።