በማስወገድ ዘዴ ያገኛችሁት መልስ አልገጥም ካለ

ሁለት መስመራዊ እኩልዮሾችን ደምሮ ወይም ቀንሶ አንዱን ፊደል ማጥፋት ብዙ አያስቸግርም። ተማሪን የሚያደክመው መልሱ አልገጥም ሲል ሁሉንም ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። ያልገጠመው የትኛው እኩልዮሽ እንደሆነ ካያችሁ ግን ስህተቱን የት እንደምትፈልጉት ታውቃላችሁ።

ይህን እንውሰድ፦

(1) 2ሀ + 3ለ = 13
(2) 2ሀ − 5ለ = 5

ምልክት፦ መልሱ በአንዱ ይገጥማል፣ በሌላው አይገጥምም

አንድ ተማሪ (2)ን ከ(1) ቀንሶ −2ለ = 8 አገኘ እንበል። ለ = −4 ይላል፤ በ(1) ተክቶ ሀ = 12.5 ያገኛል። ሲያረጋግጥ 25 − 12 = 13 ስለሚመጣለት ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል። ሀን ያገኘው ግን ከዚያው ከ(1) ነው! ለ ምንም ቁጥር ቢሆን እዚያ መግጠሙ አይቀርም ነበር። ማረጋገጥ የሚገባው በ(2) ነው፦ 25 + 20 = 45፤ መምጣት የነበረበት 5 ነው። በምርጫ ፈተና ላይ እንዲህ ያለው መልስ ከአማራጮቹ መካከል ሊቀመጥ ስለሚችል ይህን ነገር አጥብቄ እናገራለሁ።

ምክንያቱ፦ የተተካበት እኩልዮሽ ገጥሞ ሌላው ካልገጠመ ስህተቱ ከመተካት በፊት ነው። እዚህ 3 − (−5) = 8 መሆን ሲገባው −2 ተብሏል።

መፍትሄው፦ መቀነስን ተዉት። የ(2)ን ምልክቶች በሙሉ፣ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውንም ጭምር፣ ገልብጣችሁ ጻፉና ደምሩ፦ −2ሀ + 5ለ = −5። ድምሩ 8ለ = 8 ይሆናል፤ ለ = 1፣ ሀ = 5። አንድ መስመር ይጨምራል፤ ግን በእኔ እምነት በዚህ ዘዴ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች አብዛኛውን ይከላከላል።

የተካችሁበት እኩልዮሽ ራሱ ካልገጠመ ደግሞ መጀመሪያ የመተካቱን ስሌት ብቻ ድገሙ።

ምልክት፦ ያልተጠበቀ ክፍልፋይ መጣ

3ሀ + 2ለ = 16
5ሀ − 4ለ = 12

የመጀመሪያውን በ2 ስናባዛ 6ሀ + 4ለ = 32 ነው። 16ን ማባዛት የረሳ ሰው 11ሀ = 28 ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው 11ሀ = 44 ነው፤ ሀ = 4፣ ለ = 2። ክፍልፋይ መምጣቱ ብቻውን ስህተት መኖሩን አያሳይም፤ ብዙ ትክክለኛ መልሶች ክፍልፋይ ናቸው። የተባዛውን መስመር ከዋናው ሥር ጽፋችሁ ሦስቱም ቁጥሮች መባዛታቸውን አንድ በአንድ እዩ።

ምልክት፦ ደምራችሁም ከሁለቱ ፊደላት አንዱም አልጠፋም

ከሚጠፋው ፊደል ፊት ያሉት ቁጥሮች እኩል ሆነው ምልክታቸው ተቃራኒ መሆን አለበት። አለበለዚያም ፊደላቱ በአንድ ዓምድ አልተሰለፉም፤ 5ለ = 2ሀ + 1 ዓይነቱን መጀመሪያ −2ሀ + 5ለ = 1 አድርጋችሁ አስተካክሉ።

ምልክት፦ ሁለቱም ፊደላት ጠፉ

0 = 0 ከመጣ ሁለቱ እኩልዮሾች አንድ መስመር ናቸው፤ መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም። 0 = 3 ዓይነት ከመጣ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው፤ መልስ የለም። ሁለቱም ትክክለኛ ድምዳሜ ስለሆኑ አትደንግጡ። ነገር ግን «መልስ የለውም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የቀኙን ቁጥር ተመልከቱ፦ 2ሀ + 3ለ = 6 እና 4ሀ + 6ለ = 12 አንድ መስመር ሆነው ሳለ፣ 6ን በ2 ማባዛት የረሳ ሰው 0 = 6 አግኝቶ ትይዩ ናቸው ይላል።